አትክልት ቦታ ውስጥ ሰውና አበባ ስትስሉ

የዛሬው ልምምድ በአክሪሊክ (በውሃ የሚበጠበጥ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ነበር፦ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ዙሪያዋን ጽጌረዳ።

አበባው ቢያጓጓም ከሴቷ ጀምሩ። መጨረሻ ላይ ከታከለች ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት የጭንቅላቱ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ ነው፤ በእርሳስ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ።

ነጭ ቀሚስ ላይ ያለውን ጥላ በጥቁር አታምጡት፣ ያቆሽሸዋል። ሰማያዊ ከትንሽ ሐምራዊ ጋር፣ ወደ ሣሩ ሲጠጋ ደግሞ አረንጓዴ ጠብ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1866 እ.ኤ.አ. አትክልት ቦታ ውስጥ ያሉ ሴቶችን ሲስል የቀሚሶቹን ጥላ ሰማያዊ ያደረገው ዝም ብሎ አይደለም፤ ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን የሰማይ ነው። (ሸራው ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ስለነበር፣ ላይኛውን ክፍል ሲስል ሸራውን ዝቅ የሚያደርግበት ጉድጓድ አስቆፍሯል!)

ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ጥሬ ነው፤ ቅንጣት ቀይ ያበርደዋል።

ጽጌረዳውን ቅጠል በቅጠል አትቁጠሩ። መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ ክብ፣ ሲደርቅ ብርሃን የሚያርፍበት ጎን ብቻ ሁለት ሦስት ደማቅ ጭረት። ቀዩን በነጭ ብቻ ካፈካችሁት ሮዝ ይሆንባችኋል፣ ብርቱካናማ ጨምሩበት። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር ከምትፈልጉት ፈካ አድርጋችሁ በጥብጡ። ብሩሹን ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አትርሱት፣ ጸጉሩ ይጣመማል።