አንድ ወታደር ተበልጬ እንዴት አቻ ወጣሁ

ባህር ዳር ላይ በተካሄደ አንድ የቼዝ ውድድር፣ በደረጃ ከእኔ የሚበልጥ ተጫዋች ደረሰኝ። ጥቁር ነበርኩ። ለእያንዳንዳችን 90 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 30 ሴኮንድ ጭማሪ። ልጁ መክፈቻውን ተጣደፈበት። በአያቶቻችን ሰንጠረዥ (በጥንቱ የአገራችን ቼዝ) ላይ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ የሚባል ነገር አለ አይደል? ልክ እንደዚያ። እኔ አልተከተልኩትም። ሐሳቤ ጠጠር መቀያየር ነው፤ ክረምቱን ጣና ዳር ከጓደኛዬ ጋር (ቡናው ሰበብ ነው) ስናጠና የከረምነው የጨዋታ ማብቂያ፣ ማለትም ጥቂት ጠጠር ብቻ የሚቀርበትን ክፍል፣ ብቻ ነበራ።

መሃሉን ልዝለለው። ንግሥቶቹ ወጡ፣ ፈረሶቹ ወጡ፣ አንድ ወታደር በለጠኝ።

መጨረሻ ላይ እሱ ንጉሥ፣ ግንብና ኢ5 ላይ (ፊደሉ ዓምዱ፣ ቁጥሩ ረድፉ ነው) የቆመ ወታደር ቀረው፤ እኔ ንጉሥና ግንብ ብቻ። ተመልካቹ "አበቃለት" ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ግን ንጉሤ ኢ8 ላይ፣ ወታደሩ ፊት ቆሟል። ግንቤን ኤ6 ላይ አደረግኩ። ስድስተኛውን ረድፍ እስከዘጋሁ ድረስ የእሱ ንጉሥ ወደፊት መግባት አይችልም። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው መከላከያ ነው። ከዚያ በኋላ ኤ6፣ ቢ6፣ ኤ6 እያሉ መጠበቅ ነው። ልጁም ያውቀዋል፤ እኔ አላውቀውም ብሎ ነው የቀጠለው።

ቢጨንቀው ወታደሩን ኢ6 ላይ ገፋው። ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ውሃ ጠጣሁ። አሁን ንጉሡ ከቼክ (ንጉሥን ከማጥቃት) የሚጠለልበትን ቦታ የገዛ ወታደሩ ያዘበት። ግንቤን ኤ1 ድረስ አወረድኩና ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ወደ ግንቤ ልጠጋ ካለ ወታደሩን ያጣል።

አንድ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ ሲል ቼኩን አልሰጠሁም። እርምጃውን ወረቀቱ ላይ ጻፍኩና ሰዓቱን አቁሜ ዳኛ ጠራሁ። እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ይሸወዳሉ፤ ቼኩን ሰጥተው ሰዓቱን ከተጫኑ በኋላ እጅ ያወጣሉ፣ ያኔ ተራው የተጋጣሚ ነው። ደግሞ 30 ሴኮንድ በሚጨመርበት ጨዋታ ሰዓት ቢያጥርም መጻፍ ግዴታ ስለሆነ፣ ዳኛው የቆጠረው ከወረቀቴ ነው። አቻ።

ልጁ እጄን ጨብጦ "ንጉሥህ ወታደሩ ፊት ባይደርስ ኖሮ አለቀልህ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ንግሥቶቹን ቀድሜ የቀየርኩትም ንጉሤ ያለ ስጋት እንዲመለስ ነበር። ከዚያ ሉሴና የሚባለውን አቀማመጥ ደረደረና "በል እስቲ ይህን አድን" አለኝ። እሱን ማንም አያድነውም፤ ስቄ ጠጠሮቹን ሰበሰብኩ።