ዋሽንግተን ኳርተርባኮቿን እንዴት እንዳጣች

ዲሴምበር 7 ቀን 2014፣ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖቹ የዋሽንግተንና የሴንት ሉዊስ ራምስ ጨዋታ ሊጀመር ሳንቲም ሊጣል ነው። የራምስ አሰልጣኝ ጄፍ ፊሸር ለሳንቲሙ ስድስት ተጫዋቾችን ወደ መሃል ሜዳ ላከ። ስድስቱም ራምስ በ2012 ከዋሽንግተን በተቀበለው የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት) ተራ የተገኙ ልጆች ነበሩ። ጨዋታው 24 ለ 0 አለቀ፤ አሸናፊው ራምስ ነው። ያ ሁሉ ተራ የተከፈለበት የዋሽንግተን ኳርተርባክ ሮበርት ግሪፊን 3ኛ ደግሞ ያን ቀን ጨዋታውን እንኳ አልጀመረም፤ ኮልት ማኮይ ነበር የጀመረው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ሐበሾች ስለዚህ ቡድን ስናወራ ሁሌ የምትነሳው ጥያቄ አንዲት ናት፦ “ለምንድነው ሰው የማያገኙት?” እኔ ግን ሰው አላጡም እላለሁ። አግኝተዋል። ያጡት የያዙትን ሰው በጤናውና በቦታው ማቆየት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲገባን ኳርተርባክ ምን እንደሚሠራ ትንሽ ጠጋ ብለን እንይ። በእኛ ኳስ አሥር ቁጥር ለባሹ ቢከፋ ቡድኑ ያለ እሱም ተጫውቶ ያሸንፋል። እዚህ ግን ኳሱ በየፕሌዩ (በየአንዳንዱ አጭር ሙከራ) መጀመሪያ በእሱ እጅ ያልፋል። አንድ ፕሌይ ካለቀ በኋላ ለቀጣዩ 40 ሰከንድ አለ። አሰልጣኙ በሄልሜቱ ውስጥ ባለው ሬዲዮ የፕሌዩን ስም ይነግረዋል፤ ስሙ አንዳንዴ ከአሥር ቃል በላይ ነው። ሰዓቱ 15 ሰከንድ ሲቀረው ሬዲዮው ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነው። የሰማውን ለጓደኞቹ ይደግማል፣ መስመር ላይ ይቆማል፣ ከኋላ የቆሙትን ሁለቱን የተጋጣሚ ተከላካዮች፣ ሴፍቲዎቹን፣ ያያል። ሁለቱም ወደ ኋላ ርቀው ከቆሙ አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ወደ ፊት ከወረደ ሌላ ነገር ነው። ማን ሊያጠቃው እንደሚመጣ ገምቶ ከመሃለኛው ልጅ ከሴንተሩ ጋር የመከላከሉን አቅጣጫ ያስተካክላል። ኳሱ እጁ ከገባ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ተኩል ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ አንደኛውን ተቀባይ፣ ካልሆነ ሁለተኛውን፣ ካልሆነ ሦስተኛውን ማየት አለበት፤ ኳሱንም ተቀባዩ ፊቱን ሳይመልስ ነው የሚወረውረው። ሦስት ሰከንድ ካለፈ ከፊቱ ያሉት አምስቱ ጠባቂዎች የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ አንዱ ይሰበራል።

ስለዚህ ኳርተርባክ ብቻውን ጎበዝ ሊሆን አይችልም። ለዚህ ከራሷ ከዋሽንግተን የተሻለ ማስረጃ የለም። አሰልጣኟ ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ) ሲያሸንፍ ሦስቱንም ያሸነፈው በተለያየ ኳርተርባክ ነው፦ በ1982 ወቅት በጆ ታይስማን፣ በ1987 በዳግ ዊሊያምስ፣ በ1991 በማርክ ሪፒን። ዊሊያምስ ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲያሸንፍ በሁለተኛው ኳርተር (ከጨዋታው አራት ክፍሎች በአንዱ) ብቻ አራት ታችዳውን (እንደ ጎል ያለ ነጥብ) ወረወረ፤ ሱፐር ቦውል ጀምሮ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክም እሱ ነው። ሰዎቹ ቢቀያየሩም አሰልጣኙ ያው ጊብስ ነበር፤ ከፊታቸውም “ሆግስ” የሚባሉት እነዚያ ግዙፍ ጠባቂዎች ነበሩ።

ጊብስ ከሄደ በኋላ ቡድኑ ግድግዳውን፣ ጠባቂዎቹን፣ ትቶ ሰው ማሳደድ ያዘ። በ1994 ሂዝ ሹለርን በሦስተኛ ተራ ወሰዱ፤ በዚያው ድራፍት በሰባተኛው ዙር የተወሰደው ገስ ፍረሮት ቦታውን ቀማው። ከዚያ በኋላ የመጡትን አልዘረዝርም፤ ብዙ ናቸው። ወደ ዋናው፣ ወደ 2012 እንሂድ።

ዋሽንግተን በዚያ ዓመት የድራፍት ተራዋ 6ኛ ነበር። ግሪፊንን ለመውሰድ ወደ 2ኛ ለመውጣት ያንን 6ኛ ተራ፣ የሁለተኛ ዙሩን 39ኛ ተራ፣ የ2013ን የመጀመሪያ ዙርና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ለራምስ ሰጠች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳት ነገር አለች። ሊጉ በ2010 የደሞዝ አከፋፈል ምክንያት በዋሽንግተን ላይ 36 ሚሊዮን ዶላር ከሳላሪ ካፕ (ቡድን ለደሞዝ ሊያወጣ ከሚፈቀድለት ጣሪያ) የሚቀነስ ቅጣት ጥሎ ነበር፤ የሚቀነሰውም በ2012 እና በ2013 ነው። ማለትም ልጁን የሚጠብቁለትን ጠባቂዎች በድራፍት እንዳይወስዱ ተራው ተሽጧል፣ በገንዘብ እንዳይገዙ ገንዘቡ ተቆርጧል። መኪናውን ገዝቶ ለጎማ ሳንቲም እንደሌለው ሰው ሆኑ።

ልጁ ግን ድንቅ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 3,200 ያርድ ወረወረ፣ 20 ታችዳውን፣ 5 ኢንተርሴፕሽን (በተጋጣሚ የተቀማ ኳስ) ብቻ፤ በእግሩ ደግሞ 815 ያርድ ሮጠ። ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ገባ። ዲሴምበር ላይ ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ቀኝ ጉልበቱ ተመታ። ያ ጉልበት በኮሌጅ ሳለ በ2009 ጅማቱ ተበጥሶ የተጠገነው ራሱ ነው።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013፣ ከሲያትል ጋር። ዋሽንግተን በመጀመሪያው ኳርተር 14 ለ 0 መራች፤ ሁለተኛውን ታችዳውን ሲያገኙ ግን ግሪፊን ያንኑ እግር አጥፎት ነበር። ከዚያ በኋላ ያየ ሁሉ አይቷል፦ በእግሩ አይገፋም፣ ስለዚህ ኳሱን በክንዱ ብቻ ይወረውራል፣ ሲሮጥም ያነክሳል። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ጠየቀው፤ ደህና ነኝ አለ፤ ተወው። የ22 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ምን እንዲል ነው የሚጠበቀው? በአራተኛው ኳርተር ሴንተሩ የሰጠው ኳስ ዝቅ ብሎ መጣና አመለጠው። ሊያነሳው ዞር ሲል ማንም ሳይነካው ጉልበቱ ወደ ውስጥ ተሰበረ። በጎን ያለውም በመሃል ያለውም ጅማት መጠገን ነበረበት። 24 ለ 14 ተሸነፉ።

በስምንት ወር ውስጥ፣ አንድም የዝግጅት ጨዋታ ሳይጫወት፣ የ2013ን ወቅት አስጀመሩት። 3 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። ያ ሽንፈት ያመጣው 2ኛ የድራፍት ተራ ደግሞ የእነሱ አልነበረም፤ ለራምስ ሄደ። ሻናሃን ተባረረ፣ አዲስ አሰልጣኝ አዲስ የጨዋታ ቋንቋ ይዞ መጣ። እየሮጠ መወርወር የለመደውን ልጅ ኪስ (ጠባቂዎቹ በዙሪያው የሚሠሩት ክልል) ውስጥ ቆመህ ወርውር አሉት። እንዲህ ነው ኳርተርባክ የሚጠፋው።

ከግሪፊን ጋር በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛ ተራ የተወሰደው ከርክ ከዝንስ በ2015 ቦታውን ያዘ። 29 ታችዳውን፤ በ2016 ደግሞ 4,917 ያርድ፣ ይህም የክለቡ ሪከርድ ነው። ታዲያ ረጅም ውል አልፈረሙለትም። ሁለት ዓመት በተከታታይ “ፍራንቻይዝ ታግ” ጣሉበት፤ ይህ ማለት ተጫዋቹን ለአንድ ዓመት ብቻ በውድ ዋጋ ማሰር ነው። መጀመሪያ ወደ 20 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉት። የታጉ ችግር ዋጋው በየዓመቱ መጨመሩ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛው ከአቅም በላይ ስለሚሆን ተጫዋቹ ታግሦ ከጠበቀ ነፃ ይወጣል። ከዝንስም ጠበቀ። በ2018 ሚኒሶታ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው 84 ሚሊዮን ዶላር ሰጠችው፤ ዋሽንግተን በምትኩ ያንን የሚያህል ሰው በእጇ አልቀረም። በእኔ እምነት ከግሪፊን ይልቅ የሚያሳዝነው ይሄኛው ነው፤ እዚህ ጉዳት የለም፣ ዕድል የለም፣ የራሳቸው እጅ ብቻ ነው።

በእሱ ቦታ አሌክስ ስሚዝን ከካንሳስ ሲቲ አመጡ። 6 አሸንፎ 3 ተሸንፎ እየመራ ሳለ ኖቬምበር 18 ቀን 2018 ከሂውስተን ጋር የቅልጥሙ ሁለቱም አጥንቶች ተሰበሩ፤ ታይስማን እግሩ የተሰበረው በ1985 በዚያችው ቀን ነው። ቁስሉ ተመርዞ 17 ጊዜ ተቀደደ። በሁለት ሳምንቱ ተተኪው ማኮይም እግሩ ተሰበረ፤ ወቅቱን በአራት ኳርተርባክ ጨረሱት። ስሚዝ በ2020 ተመልሶ ሜዳ መግባቱ እስከ ዛሬ የሚያስገርም ነው።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ሩጫ ናቸው፦ ሃስኪንስ፣ ሃይኒኪ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ዳሌው የተጎዳው ፊትዝፓትሪክ፣ ዌንትዝ። በ2023 ሳም ሃውል 17ቱንም ጨዋታ ጀመረ፤ 65 ጊዜ ኳሱን እንደያዘ ተጣለ (ሳክ ይሉታል)፣ 21 ኢንተርሴፕሽን ወረወረ። ጠባቂዎቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ኳርተርባክ ኳሱን ባቆየ ቁጥር ሳኩ ይበዛል፤ እየተጎነተለ ሲሄድ ደግሞ ዓይኑ ከተቀባዮቹ ወደሚመጡበት ሰዎች ይወርዳል፣ ኢንተርሴፕሽኑ ከዚያ ይመጣል። 4 አሸንፈው 13 ተሸነፉ፤ 2ኛ ተራም እጃቸው ገባ።

በ2024 በዚያ ተራ ኳርተርባኩን ጄደን ዳንኤልስን ወሰዱ። በዚህ ጊዜ ለተራው ለማንም ምንም አልከፈሉም፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክለቡ በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ወደ ጆሽ ሃሪስ ተሸጦ ነበር፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ በዙሪያው አዋቂ ሰው ሞላ፦ ሴንተር ታይለር ቢያዳሽ፣ ተቀባይ ዛክ ኧርትዝ፣ ተጠባባቂ ኳርተርባክ ማርከስ ማሪዮታ። የጀማሪ ውል በ2011 ስምምነት የተወሰነ ስለሆነ ዳንኤልስ በአራት ዓመት ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ነው የሚያገኘው፤ በ2024 የዳላሱ ኳርተርባክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ፈረመ። ያ ትርፍ ገንዘብ ነው ጠባቂ የሚገዛው። የጨዋታ አዘጋጁ ክሊፍ ኪንግስበሪ ደግሞ ልጁ በኮሌጅ የለመደውን ሰጠው፦ ከሴንተሩ ራቅ ብሎ መቆም፣ ሳይሰባሰቡ ቶሎ ቶሎ መጫወት። ቶሎ ሲጫወቱ ተከላካዩ ሰው መቀየር አይችልም፣ ስለዚህ ልጁ የሚያየው ነገር ይቀልለታል።

ከወረወረው 69 በመቶው ተያዘ፣ በእግሩ 891 ያርድ ሮጠ፣ ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ኦክቶበር 27 ቺካጎን በመጨረሻዋ ሰከንድ ኳስ 18 ለ 15 አሸነፉ፤ በፕሌይኦፍ ዲትሮይትን በራሱ ሜዳ 45 ለ 31 ጣሉ። ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው በፊላደልፊያ 55 ለ 23 ተሸነፉ።

በ2025 ጠባቂውን ላረሚ ተንሲልን ጨመሩ፤ ያ ትክክል ነበር። ግን መጀመሪያ የዳንኤልስ ጉልበት፣ ከዚያ የጭኑ ጡንቻ ተጎዳ። ኖቬምበር 2 ደግሞ ሲያትል እንደገና ላንዶቨር መጣች። በአራተኛው ኳርተር ዋሽንግተን 38 ለ 7 እየተመራች ነው፤ ጨዋታው አልቋል፤ ማሪዮታ ዳር ቆሟል። ዳንኤልስ ግን ሜዳ ውስጥ ነበር፤ ሲወድቅ ግራ ክርኑ ከቦታው ወጣ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን በኋላ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ተናገረ፤ ይህን ማለቱ ያስመሰግነዋል። ልጁ ግን ከ17ቱ ጨዋታ የተጫወተው ሰባቱን ብቻ ነው።