የላይትኤስ ሞተር በፊያት ስፓይደር ውስጥ

ዛሬ ሞተሯ ተነሣ! ፒኒንፋሪና የቀረጻት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ለዓለም የታየችው ፊያት 124 ስፓይደር፣ ከአሮጌ ቶዮታ ላይትኤስ በወረደ 5ኬ ሞተር የባሕር ዳሩን ሽምብጥ ሰፈር በጭስ አጠነችው። የጣሊያን መኪና ወዳጆች እንደሚረግሙኝ አውቃለሁ። የጥንቱ 1438 ሲሲ ሞተር ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ነበር፤ ድምፁ ደስ ይላል፣ መለዋወጫው ግን ከየት ይምጣ? 5ኬ 1486 ሲሲ ሆኖም ጉልበቱ ያንሳል፤ ነገር ግን የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

ያስቸገረን ሞተሩ ሳይሆን ትራስሚሲዮኑ፣ ማለትም ከካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ኃይልን ወደ ኋላ የሚወስደው ረጅም ዘንግ ነው። ከቶዮታው ካምቢዮ ጋር እንዲገጥም ተቆርጦ፣ ግማሹ ከፊያት ግማሹ ከቶዮታ ሆኖ ተበየደ። ቶርኖ ቤት ጋሼ ጠመኔ አስጠግተው እያዞሩ፣ ጠመኔው የነካውን ጎን በመዶሻ ቀስ እያሉ አቀኑት፤ በመጨረሻ መስመሩ ዙሪያውን እኩል ወጣ። «ልጄ፣ ይህ ካልቀና ፍጥነት ስትጨምር ጥርስህን ያራግፈዋል» አሉኝ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ካርቡራቶሩ ቤንዚን አበዛና ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ለበሱ። እሱ ነገ ይስተካከላል፤ ከዚያ የቤዛዊት ዳገት ይፈትናታል።

የስፓይደር የኋላ መብራት ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። በዋጋ አልከራከርም (ትንሽ እከራከራለሁ)።