ኪሴ ውስጥ የነበረችው የሻንጣ ጎማ

ሐምሌ ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል፤ ዝናቡ ዶፍ ነው። አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት ማቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ዞሮ ማየት፣ የወደቀ ነገር ካለ ለቅሞ ባልዲ ውስጥ መጣልና ቅጹ ላይ መፈረም የዚያን ቀን የእኔ ተራ ነበር። እኛ ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚራገፍበትና በሚጫንበት ሜዳ፣ የምንሠራ ሰዎች የወደቀውንም ነገር ለቀማውንም ኤፍኦዲ እንለዋለን። ብሎን፣ ጠጠር፣ የሻንጣ ቁልፍ፣ የተቆረጠ ገመድ፣ ሁሉም ኤፍኦዲ ነው።

ግማሹን ዞርኩ። የቀረውን በመሳፈሪያው ድልድይ ሥር ተጠልዬ በዐይኔ ቃኘሁትና ፈረምኩ።

አውሮፕላኑ ገባ፤ ቦይንግ 737 ነው። የዚህ አውሮፕላን ሞተር ለመሬት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አጠገቡ ያልቆመ ሰው አይገምተውም፤ ክፍተቱ ከጉልበት አይዘልም። መንገዱ ላይ የቆመ የሻንጣ ጋሪ ስለነበረ ማርሻለሩ፣ አውሮፕላኑን በእጅ ምልክት የሚመራው ሰው፣ አቆመው። ጋሪው ተነሥቶ አውሮፕላኑ እንደገና ለመንቀሳቀስ ኃይል ሲጨምር፣ ከሞተሩ ፊት ካለው እርጥብ መሬት አንድ የውሃ ክር እየተጠማዘዘ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ሞተሩ አየር ሲስብ እንዲህ ያለ አዙሪት ይፈጥራል። በደረቅ ቀን ዐይን አያየውም እንጂ ጠጠርና ብረት ከመሬት የሚያነሣው እሱ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ውበቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ሻንጣ ለማውረድ ስንጠጋ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አንዲት የሻንጣ ጎማ አገኘሁ፤ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ጠርዟ የተሰበረ። ሌሊት ከዓረብ ሀገር የገባው በረራ እዚያው ቦታ ነበር የተራገፈው። እህቶቻችን የዓመታት ልፋታቸውን ጠቅጥቀው፣ በገመድና በፕላስተር ጠፍረው የሚያመጧቸው ሻንጣዎች ከባድ ናቸው፤ ጎማ መውለቁ ያለ ነው። ጎማዋን አንሥቼ ኪሴ ከተትኳት። ማንም አላየኝም።

ሻንጣ እያወረድኩ አንድ እጄን ኪሴ ስከት አውራ ጣቴ መሐሏ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። የብረት ዘንጓ የለችም።

አሥር ደቂቃ ያህል ዝም አልኩ። ያችን አሥር ደቂቃ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆጥሬያታለሁ። ዘንጓ ሌላ ቦታ ወድቃ ይሆናል አልኩ። ሻንጣው ላይ ቀርታ ይሆናል አልኩ። ሞተሩ ሲጠፋ የተለየ ድምፅ አልሰማንም፤ አብራሪዎቹም ምንም አላሉም። ጎማዋን ባልዲው ውስጥ ብጥላት ነገሩ እዚያው ያልቃል።

አለቃችን በክፍላችን ግድግዳ ላይ የሰቀላት ቁራጭ ቆርቆሮ አለች፤ ራሱ ለክቶ ነው የቆረጣት፣ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከአንድ ክንድ የማትበልጥ። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ላይ ይህችን የምታክል ብረት ዲሲ-10 ከሚባል አውሮፕላን ወድቃ መንደርደሪያው ላይ ቀረች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኮንኮርድ የሚባለው ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኞች አውሮፕላን ሲንደረደር ረገጣት። ጎማው ፈነዳ፤ 4.5 ኪሎ የሚመዝን የጎማ ቁራጭ ተፈናጥሮ ክንፉን ከሥር መታው፣ ነዳጁ ፈሰሰ፣ እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 109 ሰዎች፣ መሬት ላይም አራት ሰዎች ሞቱ። ይህን ታሪክ በየስብሰባው ስንሰማው ኖረናል፤ እኔም ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ የሰማሁት ነው።

ሄጄ ጎማዋን አለቃዬ እጅ ላይ አስቀመጥኳት። «ጋሼ፣ በሙሉ አልዞርኩም። ፈርሜያለሁ ግን አልዞርኩም። ዘንጓ የለችም» አልኩት። አልተቆጣም፤ ሬዲዮውን አንሥቶ ቴክኒሽያን ጠራ።

ቴክኒሽያኑ በባትሪ እያበራ የፊተኛውን ማራገቢያ በእጁ ቀስ እያለ አዞረው፤ አንዱን ብሌድ፣ የማራገቢያውን ምላጭ፣ ዳስሶ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። አንዱ ላይ ቆመ። ጠርዙ ላይ ከጥፍር የምታንስ ጉድፍ ነበረች። ያ ብሌድ በሙሉ ኃይል በደቂቃ 5 ሺህ ጊዜ ያህል የሚዞር ነው፤ እንዲህ ያለች ጉድፍ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ትንሽ ከሆነች በሞረድ ለስልሳ አውሮፕላኑ ይሄዳል፤ ይህች ግን የጥገና መመሪያ መጽሐፉ ከሚፈቅደው አልፋለች። የውስጠኛውን ክፍል ለማየት ደግሞ ቀጭን ካሜራ መግባት ነበረበት። በረራው ተሰረዘ።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኝ ነበር። አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ ኖሮ ነገ ጎማ የሚያገኝ ልጅ ኪሱ ከትቶ ዝም ይል ነበር። ይህን የምለው ለራሴ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ ያን ቀን ከባልደረቦቼ ሁለቱ «እንዴት ተናገርክ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ያ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ሊሄድ የነበረ ነው። የተጫኑትን ሻንጣዎች መልሰን ስናወጣ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው የራሱን ሊወስድ መጣ። እናቱ ሞተውበታል፤ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቀጣዩ በረራ የሚነሣው ግን በአሥር። ሻንጣውን እኔ አቀበልኩት።

«ምን ሆኖ ነው ወንድሜ?» አለኝ።

«ሞተሩ ላይ ጉዳት ተገኝቶ ነው።»

ጥቂት ዝም አለ። «መሬት ላይ እያለ ያገኘውን ሰው እግዜር ይባርከው» አለኝ።

አሜን ማለት አቃተኝ።