ይሉኝታና የትንፋሽ መለኪያው

አሜሪካ ውስጥ አጫሾችን እየከፈሉ ስለሚያሳትፉት የሲጋራ ጥናቶች ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የሚሞከረው መድኃኒት ሳይሆን ይሉኝታችን ነው። የኛ ሰው ጥናት ቤት የሚሄደው ሐኪም ዘንድ እንደሚሄደው ነው፦ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ሲጋራ ሲጋራ እንዳይሸት ከማታ ጀምሮ ሳያጨስ። ከዚያ የትንፋሽ መለኪያው ላይ ይተነፍስና «ለዚህ ጥናት የሚበቃ አጫሽ አይደለህም» ተብሎ ይመለሳል።

ሲጋራ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ደም ውስጥ ይገባል፤ ተመልሶ የሚወጣው በትንፋሽ ነው፤ የሚለካውም እሱ ነው። መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ቱቦ ይሰካባታል። አየር በረጅሙ ይሳባል፣ 15 ሰከንድ ያህል ይያዛል፣ ከዚያ ከንፈርን ቱቦው ላይ ገጥሞ ሳንባ እስኪሟጠጥ ቀስ እያሉ መተንፈስ ነው። የሚፈለገው ከሳንባ ሥር የሚመጣው የመጨረሻው ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ሳይዝ ቶሎ «ኡፍ» ያለ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይልበታል። የማያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ፒፒኤም (ከአየሩ ሚሊዮን እጅ ስንቱ ይህ ጋዝ እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ) በታች ያሳያል፤ በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ 20 እና ከዚያ በላይ ቢያሳይ አይገርምም። ብዙ ጥናቶች ለመግቢያ 8 ወይም 10 ይጠይቃሉ። ጋዙ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፣ በእንቅልፍ ላይ ይዘገያል። ማታ ያቆመ ሰው ታዲያ ረፋዱ ላይ ከማያጨሰው ጎረቤቱ ብዙም የማይለይ ቁጥር ቢያወጣ ጥፋቱ የመሣሪያዋ አይደለም። በማጣሪያው ቀን የሚፈለገው እንደወትሮው መሆን ነው፤ ቀጠሮውም ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። በነገራችን ላይ የሺሻ ከሰልም ቁጥሩን ያንረዋል፤ ሺሻ ያጨሰ ሰው ሳይጠየቅም ይናገር።

ከዚያ በፊት የስልክ ማጣሪያ አለ፤ እዚያ ላይ የሚያደናግረው «በቀን ስንት ታጨሳለህ?» የምትለው ቀላል ጥያቄ ናት። አዲስ አበባ በፍሬ መግዛት የለመደ ሰው በፓኬት ማሰብ ይከብደዋል። አሜሪካ ፓኬቱ 20 ነው፣ በፍሬ አይሸጥም፤ ግን ከኛ ሰው ፓኬት ግማሹን ጓደኛ ነው የሚያጨሰው። ሌላው ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት፣ ቅዳሜ ቢራ ቤት ሃያ አምስት ያጨሳል። «አሥር» ብሎ መገላገል ይቀላል፤ ግን አይረዳም። ከመደወሉ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ያጨሷትን ብቻ ስልክ ላይ መመዝገብ በቂ ነው። ጥናት ቤት ሲገባም የቀን መቁጠሪያ ዘርግተው ቀን በቀን ወደ ኋላ ያስቆጥራሉ፤ ያኔ ልደቱም ለቅሶውም በዓሉም ለማስታወሻ ይጠቅማል።

ከቁጥሩ የበለጠ ሱሱን የሚያሳየው የጠዋቷ ሲጋራ ናት። ፋገርስትሮም በሚባለው ስድስት ጥያቄ ያለው መለኪያ ከእንቅልፍ ነቅቶ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ 3 ነጥብ ያገኛል፣ ከ6 እስከ 30 ደቂቃ 2፣ እስከ አንድ ሰዓት 1፣ ከዚያ ካለፈ 0። ድምሩ ከ10 ነው። እዚህ ጋ ነጥብ ማሳመር የሚባል ነገር የለም፤ አንዳንድ ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነውም በዚሁ ነው። ለምሳሌ የኒኮቲን ማስቲካ ላይ፣ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ 4 ሚሊግራም ይታዘዝለታል፣ የሚዘገየው 2።

ጥናት ሁሉ ግን ለማስቆም አይደለም። ይህን ሳያጣሩ የሚገቡ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ጭራሹን ለማቆም የማያስብ ሰው ነው የሚፈልገው። በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት 840 አጫሾችን ለስድስት ሳምንት የተለያየ የኒኮቲን መጠን ያለው ሲጋራ በነጻ ሰጥቷቸዋል፦ በአንድ ግራም ትምባሆ ከ15.8 ሚሊግራም ጀምሮ እስከ 0.4 ድረስ። ኒኮቲኑ በጣም የተቀነሰበት ቡድን በመጨረሻ ያጨሰው ሲጋራ በቁጥር አንሷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2025 ኒኮቲን በግራም ከ0.7 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ሐሳብ ያቀረበው እንዲህ ካሉ ጥናቶች ተነስቶ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥናት ራስ ምታት የሚታወቅ ነው፦ የተሰጠው ሲጋራ አልጥም ያለው ተሳታፊ የራሱንም ደርቦ ያጨሳል፣ ቅጹ ላይ ግን «የሰጣችሁኝን ብቻ» ይላል። ሽንቱ ያጋልጠዋል። ኮቲኒን የሚባለው የኒኮቲን ውላጅ በግማሽ ለመቀነስ 16 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት ለቀናት ይቆያል።

የስምምነት ቅጹ ረጅም ነው፤ ማን ያነበዋል! ቢያንስ ሦስት ነገር መፈለግ ያዋጣል፦ ክፍያው በየቀጠሮው ነው ወይስ መጨረሻ ላይ፣ መሃል ላይ ቢያቋርጡ እስከዚያ ያለው ይከፈላል ወይ፣ መድኃኒቱ ቢጎዳ የሕክምናውን ወጪ ማን ይችላል። በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ መብት ነው። ክፍያው ግብር የሚታሰብበት ገቢ መሆኑንም የሚነግር ጓደኛ ጥቂት ነው። ቅጹ ሰው በሚገባው ቋንቋ መቅረብ አለበት፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም። ልጅን ይዞ ሄዶ «አንተ ንገረኝ» ማለት ግን አይመከርም። የትኛው አባት ነው በልጁ ፊት የሚያጨሰውን በትክክል የሚቆጥረው?

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ሲጋራ ለማቆም የሚረዳው ቫረኒክሊን የተባለው ክኒን በተለመደው አወሳሰድ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሁለት ጊዜ፣ ከ8ኛው ቀን ጀምሮ 1 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ነው፤ በድምሩ 12 ሳምንት። ሲጋራ የሚቆመው በ8ኛው ቀን ነው። ክኒኑ የሚዋጠው ምግብ ከተበላ በኋላ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ያቅለሸልሻል። የኛ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። 12 ሳምንት ውስጥ 24 ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከገባበትማ ተዉት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ክኒን ወይ በባዶ ሆድ ይውጠውና ያስመልሰዋል፣ ወይ ይዘለዋል። ጾሙን በማጣሪያው ቀን መናገር ነው፤ ወይ መጀመሪያው ቀን ይገፋል፣ ወይ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክላል። የዘለሉትን ክኒን በሚቀጥለው ሰዓት ደርቦ መዋጥ አይቻልም። የተረፈውን ደግሞ ሽንት ቤት መድፋት አያስፈልግም። በየቀጠሮው ብልቃጡ ተመልሶ ክኒኑ ይቆጠራል፤ ስድስት ክኒን ተርፎ መገኘቱ መረጃ ነው፣ ማንም አይቆጣም።

ቡናውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሲጋራ ጢስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ማጨስ ሲቆም ያ ፍጥነት ይቀንስና የለመዱት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ደም ውስጥ ከበፊቱ በልጦ ይቆያል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየው «መድኃኒቱ ነው» ወይም «ሱሱ ነው» ይላል። ሲኒውን መቀነስ፣ መቀነሱንም ማስመዝገብ ነው። ማስቲካ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቡና ከጠጣ በኋላ 15 ደቂቃ ይጠብቅ፤ ቡና አፍ ውስጥ ኒኮቲኑ እንዳይሰርግ ያደርገዋል። ማስቲካው ራሱ እንደ ሱቅ ማስቲካ አይታኘክም፦ እስኪያቃጥል ጥቂት ማላመጥ፣ ጉንጭ ሥር ማሳረፍ፣ ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና። ዝም ብለው ካኘኩት ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ወርዶ ስቅታ ያመጣል።

በ2016 የታተመው ኢግልስ የተባለው ጥናት በ16 አገሮች 8,144 ሰው አሳትፏል። ክኒኑንም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፕላስተርም ሁሉም ወስዷል፤ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንደሆነ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁም። ከ9ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አንድም ሳያጨሱ የቆዩት ቫረኒክሊን ከወሰዱት 33.5 በመቶ፣ ማስመሰያ ብቻ ከደረሳቸው 12.5 በመቶ ናቸው። እስከ 24ኛው ሳምንት ሲታይ 21.8 እና 9.4 ሆነ። ይህን ቁጥር ሁሌ ለብቻው አየዋለሁ። በተሻለው መድኃኒት እንኳ ከአምስቱ አራት የሚጠጉት ወይ አላቆሙም፣ ወይ መልሰው አጭሰዋል። ታዲያ መልሶ ማጨስ እንደ ነውር ተቆጥሮ ስልክ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

የሚዘጋው ግን ይዘጋል። አስተባባሪዋ ጥሩ ሰው ናት፣ እንዴት ብዬ ፊቷን አያለሁ ይላል። ጠፍቶ የቀረ ሰው በጥናቱ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ እንዳጨሰ ተደርጎ ይመዘገባል። ስንት እንዳጨሰ፣ በስንተኛው ሳምንት እንደተመለሰ፣ ክኒኑን ይዋጥ እንደነበር ግን ማንም አያውቅም፤ ከሁሉ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነበር። ስልኩ ሲጠራ አንስቶ «ማክሰኞ ሁለት አጭሻለሁ፣ ትናንት አራት፤ የሐሙሱ ቀጠሮ እንዳለ ነው አይደል?» ማለት ይበቃል።