ዘፋኙ ለምን ከመሃል ይሸሻል? በሁለት ቲዲኤ 2030ኤ የተሠራ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ለምትገጣጥሙ፣ እስካሁን ተሞክሮ የተለየው ይኸው። ቲዲኤ 2030ኤ ድምፅ የሚያጎላ ቺፕ ነው፤ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ ይገባል። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 ነው፣ ማለትም ከመሃሉ ወደ ሁለቱም ጫፍ 12 ቮልት ይሰጣል፤ በየመስመሩ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። 15-0-15 አትግዙ፤ ሲጣራ 21 ቮልት ይጠጋል፣ የቺፑ ጣሪያ ደግሞ 22 ነው። መብራቱ ከፍ ያለ ቀን ቺፑ ይቃጠላል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ብርዱን አምናችሁ ሂትሲንኩን፣ ማለትም የቺፑን ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት፣ አታሳንሱ።

በቅድሚያ ስፒከሮቹን በ1.5 ቮልት ባትሪ ፈትሹ፤ ፖዘቲቩ ቀዩ ላይ ሲነካ የሁለቱም ኮን (የሚርገበገበው ወረቀት) ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይለይም።

ዘፋኙ ከመሃል ሲሸሽ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቺፑ ነው፤ ጥፋቱ ግን ግራውንዱ፣ ማለትም የጋራው መመለሻ ሽቦ፣ ላይ ነው። 0.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ 30 ሳንቲሜትር ሽቦ 0.01 ኦም ገደማ አለው። የግራው ስፒከር 1 አምፒር በዚያ ሲመልስ 10 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የቀኙ መግቢያ ግራውንድ እዚያው ሽቦ ላይ ከተበየደ ያቺ 10 ሚሊቮልት በቺፑ ማጉያ በ33 ተባዝታ፣ 330 ሚሊቮልት ሆና በቀኝ ትወጣለች። ግራው በ8 ኦም ላይ 8 ቮልት ስለሚሰጥ የሁለቱ ጎን ልዩነት 28 ዴሲቤል (የድምፅ ልዩነት መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ግራ ጥግ የነበረው ማሲንቆ ቦታውን ይለቃል።

የሁለቱን ካፓሲተሮች መገናኛ ማዕከል አድርጉት። ከዚያ ለየስፒከሩ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ለየመግቢያው ደግሞ የራሱ ቀጭን ሽቦ ይውጣ። ሲፈተሽ ለግራ ብቻ የ200 ኸርዝ ሲግናል ይሰጣል፤ የቀኙ መግቢያ ከግራውንዱ ጋር ይያያዛል። ግራው 5 ቮልት ሲያወጣ ቀኙ ከ50 ሚሊቮልት በታች ይሁን። ስፒከሮቹ ይሰኩ፤ አለዚያ አምፒር ስለማይፈስ ጥፋቱ ይደበቃል። የኤሲ መለኪያው ከ200 ቮልት የሚጀምር መልቲሜትር ለዚህ አይሆንም።

ድምፁ ሲቀነስ ብቻ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ ግራውንዱን ተዉት፣ ቮልዩሙ ነው። ሩብ ዙር ላይ የቮልዩሙን የግራና የቀኝ ክፍሎች ለኩ፤ አንዱ 5 ኪሎ ኦም፣ ሌላው 6.3 ካሳየ የ2 ዴሲቤል ልዩነት ነው። የተሻለ ቮልዩም ካልተገኘ በየቺፑ ማጉያውን ከ22 ኪሎ ኦሙ ጋር የምትወስነውን 680 ኦሟን ሬዚስተር በ1.2 ኪሎ ኦም ቀይሩ። ማጉያው ከ33 ወደ 19 እጥፍ ይወርዳል፣ ቮልዩሙም ልዩነቱ በሚጠብበት ከግማሽ በላይ ይሠራል። ከ24 ዴሲቤል፣ ማለትም ከ16 እጥፍ በታች ግን አትውረዱ፤ ቺፑ ያለ ሲግናል በራሱ መርገብገብና መጋል ይጀምራል።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም አንዱ ጎን ከከበደ፣ በዚያ በኩል ባዶ ግድግዳ እንዳለ እዩ። የመንዝ ባና ስቀሉበት።