ለሥራ ወደ ዋሽንግተን፦ የመጀመሪያው ጉዞዬ ያስተማረኝ

የምሠራበት የልማት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የፕሮጀክቶቻችንን ሒሳብ እዚያው ካሉት ባልደረቦቼ ጋር እንዳስታርቅ ተጠርቼ አሜሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ስለ ሕንፃዎቹና ስለ መንገዶቹ ብዙ ስለተባለ ያንን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን ከመነሻው እስከ መመለሻው ያስገረመኝ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው ጠይቀን የምንረዳው ነገር ሁሉ እዚያ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጡ ነው፤ ሳያነብ የሄደ ሰው ደግሞ ቆሞ የሚያስረዳው እምብዛም አያገኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ገና ከአገር ሳይወጡ ነው። ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን የጉዞውን ዓላማ፣ የሚያርፉበትን አድራሻ፣ ወጪውን የሚሸፍነውን ወገንና የሥራ ታሪክን በዝርዝር ይጠይቃል። ክፍያው እኔ ስከፍል 185 ዶላር ነበር፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በኤምባሲው የተደረገልኝ ቃለ መጠይቅ ግን ከጥቂት ደቂቃዎች አላለፈም፤ ቆንስሉ በኮምፒውተር ላይ ያነበበው እኔው የጻፍኩትን ስለነበር በክላሴር ይዤው የሄድኩትን የሰነድ ክምር ሳይገልጠው መለሰልኝ። ስለዚህ ለሚሄዱ ሁሉ የምመክረው፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለመሰብሰብ ከሚሯሯጡ ይልቅ ቅጹን ረጋ ብለው ቢሞሉ እንደሚሻል ነው። በተለይም የልደት ቀንና የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን ደጋግመው ይመልከቱ። በቅጹ ላይ የአያቴ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስለገባ ሆቴሉም፣ የስብሰባው ባጅም፣ የአየር መንገዱ ወረቀትም የሚያውቁኝ በአያቴ ስም ሆነ። እሳቸው በሕይወት ዘመናቸው ከወሎ ወጥተው የማያውቁ ገበሬ ነበሩ፤ «ሚስተር» ተብለው በሆቴል ሳሎን ሲጠሩ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ በልቤ ሳልስቅ አልቀረሁም።

ከቦሌ ማታ የተነሳው አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞላ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት አውሮፕላን ለረጅሙ ጉዞ የሚበቃውን ነዳጅና ሙሉ ጭነት አንድ ላይ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ሲመለስ ግን ያለ ማረፊያ ይበራል። ዋሽንግተን አጠገብ የሚገኘው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ከአውሮፕላኑ ወደ ፍተሻው አዳራሽ የተወሰድነው በመንኮራኩር ላይ በቆመ ሰፊ ክፍል ነበር። ማረፊያው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት የዘመኑ ፈጠራ ተብሎ የተሠራው ይህ ተሽከርካሪ እስከ ዛሬ መንገደኛ ያመላልሳል፤ የአዲስ ነገር አገር ብዬ በጠበቅሁት ቦታ መጀመሪያ የተቀበለኝ አሮጌ ነገር በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

የድንበር ፍተሻ መኮንኑ አሻራዬን ወስዶ ለምን እንደመጣሁና ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፦ ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ በሩ ድረስ ለመድረስ እንጂ የመቆያ ፈቃድ አይደለም። እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው መኮንኑ የሚመዘግበው አይ-94 የተባለው መዝገብ ነው፤ ወረቀት ስለማይሰጥ ራስ በኢንተርኔት ገብቶ ቀኑን ማየት ያስፈልጋል። ለዘመድ የያዝኩትን በርበሬና ሽሮም አስመዝግቤ አለፍኩ። ሥጋ ግን፣ ቋንጣም ቢሆን፣ አይገባም።

ብዙ ያሰላሰልኩት በገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ሙያዬም ስለሆነ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኖ ስለነበር በእጄ የገባውን ዋጋ ሁሉ ወደ ብር መለወጥ ልማድ ሆኖብኝ ነበር፤ ይህን ልማድ ያልተወ ሰው ቡናም አይጠጣም። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን የተጻፈው ዋጋ የሚከፈለው ዋጋ አለመሆኑ ነው። በዲሲ ከተማ የምግብ ቤት ግብር 10 በመቶ ነው፤ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይካተትም። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ቲፕም ይጨመራል። ስለዚህ 20 ዶላር የተባለ ምሳ 2 ዶላር ግብርና 4 ዶላር ቲፕ ታክሎበት 26 ዶላር ይሆናል። ቲፕ በእኛ አገር የደስታ መግለጫ ነው፤ እዚያ የደመወዝ አካል ነው ቢባል አይበዛበትም፤ የፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት ከ2.13 ዶላር ጀምሮ እንዲከፍል ይፈቅዳልና፣ ምንም እንኳ ዲሲ ከዚያ የላቀ ወለል ቢኖራትም። የውሎ አበል የሚያሰላ ሰው ከምግቡ ዋጋ ላይ ሲሶውን ያህል ቢጨምር አይሳሳትም። ሆቴሎች ደግሞ ክፍሉ ቀድሞ ቢከፈልበትም በካርድ ላይ መያዣ ይቆልፋሉ፤ ከባንክ በቅድሚያ የተሞላ የዶላር ካርድ የያዘ ሰው ያ ገንዘብ ሆቴሉን ለቆ ከወጣ በኋላም ቀናት ቆይቶ እንደሚለቀቅለት አውቆ ተጨማሪ ቢይዝ ይበጀዋል።

በሥራው በኩል፣ ለስብሰባ የሚቀርበው ሰነድ ቀደም ብሎ በኢሜይል ይደርሳል፤ በስብሰባው ላይ ግን ማንም አያነበውም፣ ማንም አያብራራውም፤ ሁሉም አንብቦ እንደመጣ ተቆጥሮ በቀጥታ ወደ ጥያቄው ይገባል። ሰዓቱ ሲሞላ ሐሳቡ ባይቋጭም ሰው ይነሳል። ሥራ ከጀመሩ ገና ጥቂት ወራት የሆናቸው ወጣቶች የዳይሬክተሯን አሐዝ ፊት ለፊት ሲሞግቱ ሳይ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ እሳቸው ግን አመስግነው ማስታወሻ ያዙ። እናቴን በዕድሜ የሚያህሉትን እኚህን ሴት ሁሉም በስማቸው ብቻ ይጠራቸዋል። እኔ እስከ መጨረሻው ስማቸውን ሳልጠራ መናገሩን መረጥኩ። ምሳም በስብሰባ መካከል እየተበላ፣ እንብላ ሳይባባሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሳንድዊች ይዞ ይቀመጣል። ይህን አልለመድኩትም፤ እንድለምደውም አልፈለግሁም።

ሰው የሚጠየቅበት ሌላ ዋሽንግተን ግን አለ። ከአውሮፕላን ማረፊያው የወሰደኝ ታክሲ ነጂ ገና ሻንጣዬን ሲያነሳ «ከአገር ቤት መምጣትህ ነው?» አለኝ፤ ሆቴል እስክደርስ ድረስም ሲም ካርድ የት እንደሚገዛ፣ የትኛው ባቡር ወዴት እንደሚሄድ፣ በሜትሮው ካርዱ ሲገባም ሲወጣም መነካት እንዳለበት፣ እንጀራ የዲሲ ጎረቤት በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የት እንደሚገኝ ነገረኝ። በከተማዋ አማርኛ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ላይ ይታያል፤ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነውና። ይሁን እንጂ ይኸው ደግ ሰው ቤቱ ሊጋብዘኝ ሲፈልግ ስልኩን አውጥቶ ካላንደሩን አገላበጠ፤ እሱና ባለቤቱ በተለያየ ፈረቃ ስለሚሠሩ ሁለቱም ቤት የሚውሉት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት የቤቶቹ ደጃፍ ለሃሎዊን በአጽምና በመቃብር አምሳል አጊጦ፣ ከጎኑ የምርጫ እጩዎች ስም ተተክሎ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን ሌሊት ደግሞ፣ እዚያ በየዓመቱ እንደሚደረገው፣ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከአዲስ አበባ ጋር የነበረው ልዩነትም ከሰባት ወደ ስምንት ሰዓት ሰፋ። በየሳምንቱ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነበረው የጋራ ስብሰባ አሥር ሰዓት ላይ ሆነ። የአዲስ አበባ ባልደረቦቼ በየተራ እየደወሉ «ተለወጠ እንዴ?» ሲሉኝ፣ ካላንደሩ ላይ ተጽፏል ብዬ መለስኩ።

ስወጣ ፓስፖርቴ ላይ የመውጫ ማኅተም የሚመታ መኮንን አልነበረም፤ አሜሪካ እንደ ቦሌ ያለ የመውጫ መስኮት የላትም። መውጣቴን አየር መንገዱ ያስመዘግባል፤ መመዝገቡን ማረጋገጥ ግን የተጓዡ ፈንታ ነው። አዲስ አበባ እንደገባሁ የአይ-94 ድረ ገጹን ከፍቼ የወጣሁበት ቀን መግባቱን አየሁ፤ አትሜም ከሆቴሉና ከታክሲው ደረሰኞች ጋር በሒሳብ ማወራረጃዬ ላይ አያያዝኩት።